ጀግናው ገድሎ እራት ቀረበ

ባለፈው ከሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ ስመጣ አውቶቡሱ ውስጥ ፊልም ተከፈተልን። ልጅ ሆኜ ቪዲዮ ቤት ተጋፍቼ የማየው ባለ ጭምብሉ ጀግና ነው፤ እንደ አዲስ ተሠርቷል። ያኔ ክፉውን ሰው አስሮ ለፖሊስ ያስረክብ ነበር። የአሁኑ ግን አንገቱን ጠምዝዞ ገደለው። እኔም እሰይ ብዬ አጨበጨብኩ! ጀግናው ቤቱ ገባና ከሚስቱ ጋር እራት ቀረበ።

አጠገቤ የተቀመጡ የሾኔ ሽማግሌ ክንዴን ያዙኝ። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው መሆናቸውን መናኸሪያ ነግረውኛል።

"ልጄ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ መሰለኝ፤ እርቁ አመለጠኝ።"

"የምን እርቅ አባባ?"

"ገዳይ የሟች ወገን ሳይታረቀው እንዴት ማዕድ ይቀርባል?"

ሳቄ መጣ። "አባባ፣ ሟቹ እኮ ክፉ ሰው ነው! ደግሞ ዘመኑ ተቀይሯል።"

እሳቸው አልሳቁም። "ክፉ ሰው እናት የለውም? ለአንድ ክፉ ሰው ደም እርቅ ለማውረድ ስድስት ዓመት ተመላልሻለሁ። የሟቹን ቤት በር ባንኳኳሁ ቁጥር እያለቀሰች የምትከፍትልኝ እናቱ ነበረች።"

ከዚያ በኋላ ፊልሙ አልጣመኝም። የጀግናው ቤት በር በተንኳኳ ቁጥር የሟቹ እናት የመጣች እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር።