በመዝገብ ቤቱ ደጃፍ ስለ «ደመና» የተደረገ ክርክር

ያለፈውንም የሚመጣውንም በአንድ ጊዜ የሚያይ፣ ሳይጽፍ የማይረሳ እግዚአብሔር ብቻ ነው። እኛ ፍጡራን ግን የትናንቱን ለነገ ለማድረስ ስንጽፍ፣ ስንቀዳ፣ ስናስቀምጥ እንኖራለን። ይህንም የምጽፈው እርሱ በሰጠኝ ዕድሜ ካየሁት ነገር አንዱ አንባቢን ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ነው።

አንድ ማለዳ የግራ ዓይኔን ለማስመርመር ወደ አንድ የዓይን ክሊኒክ ሄድሁ። በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎኔ አንዲት ልብስ ሰፊ ተቀምጣ ነበር፤ ከሥራ በቀጥታ መምጣቷን በሹራቧ ደረት ላይ የተረሱት ሁለት መርፌዎች ይናገራሉ። የዓይኗ ግፊት ስለሚጨምር በየዓመቱ የዓይኗ ጀርባ ፎቶ እንደሚነሣ አጫወተችኝ።

«ሐኪሙ የዛሬውን ከአምናና ከካቻምናው ጋር ካላስተያየ ነርቩ እየሳሳ መሆን አለመሆኑን ሊያውቅ አይችልም» አለችኝ። «ዛሬ ደግሞ የድሮው ፎቶ አልከፈት ብሏል። ኮምፒዩተሩ ተኝቷል ይላሉ።»

ከፊታችን በደረጃው ሥር የተሠራች ጠባብ መዝገብ ቤት ነበረች። በደጃፏ ሁለት ሰዎች ቆመው ይከራከራሉ። አንዱ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ቁልፉን ሁልጊዜ በአንገታቸው ስለሚያንጠለጥሉ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ ቁልፍ» ይላቸዋል። ሁለተኛዋ የክሊኒኩ የኮምፒዩተር ባለሙያ ናት።

«ወንድሜና ልጄ ናቸው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ቤትም እንዲሁ ናቸው፤ አይጨነቁ።»

«አጎቴ» ትላለች ወጣቷ፣ «ፎቶዎቹ ወደ ደመና ይሂዱ ስል የከረምኩት ለዚህ ነው። ሐኪሙ ፈቅዷል። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።»

«ደመና አልሽኝ» አሉ ጋሼ ቁልፍ። «የሃያ ዓመት የሰው ዓይን ነፋስ ለሚበትነው ነገር ላስረክብ? እዚህ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። እዚያስ የማንን አንገት ልይዝ ነው?»

ነገሩ የሁለቱ ብቻ ቢሆን ዝም ባልሁ ነበር። ነገር ግን የእህታቸው ብርሃን ከዚያ በር በስተጀርባ ተቆልፎበት ስለ ነበር ዝምታው ከበደኝ። «ወንድሜ፣ በነገራችሁ ብገባ ይቅር በሉኝ» አልኋቸው። «እኔ በተማርሁበት የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ቃል በአንድ ፍቺ አይታለፍም፤ ‹አንድም› እየተባለ ይፈታል። ይህች ልጅም ደመናን በአንድም ትፍታልንና እንስማ።»

«አባታችን፣ ዓመቱን ሙሉ ስትፈታልኝ ከርማ አንድ አልገባኝም።»

«ሳያዳምጡ ነዋ» አለች የእህታቸው ልጅ። ቀጥላም ወደ እኔ ዘወር ብላ፣ «እሺ አባባ። ደመና አንድም ስም ብቻ ነው። ሰማይ ላይ የሚቀመጥ ነገር የለም። መሐንዲሶች የኮምፒዩተር መረቡን ዝርዝር መሣል ሲያታክታቸው በቦታው ደመና ይሥሉ ነበር፤ ስሙ በዚያው ቀረ። ነገሩ ግን መሬት ላይ ያለ ትልቅ ሕንፃ ነው። ጥበቃ አለው፣ ማቀዝቀዣ አለው፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር አለው። ውስጡ በሺህ የሚቆጠር ኮምፒዩተር ተደርድሯል። እኛ ከዚያ የሚበቃንን ያህል ተከራይተን በኢንተርኔት እንጠቀማለን» አለች።

«በስተርጅና የሰው ቤት ተከራይ ልታደርጊኝ ነዋ።»

«አንድም እንደ እማዬ ሥራ ነው» አለች ነገሩን ችላ ብላ። «አንዱ ሰው ባዶ ክፍልና መብራት ይከራይና የስፌት መኪናውን ራሱ ያስተካክላል፤ ቅዱም ስፌቱም የራሱ ነው። ሌላው መኪናው ተተክሎ፣ ዘይት ጠጥቶ ይቆየዋል፤ እሱ ጨርቁን ይዞ ገብቶ መስፋት ብቻ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ስፌት ውስጥ አይገባም፤ ተሰፍቶ ያለቀውን ይለብሳል። ለደመና ሙያ የምስክር ወረቀት የጀማሪዎችን ፈተና የሚያጠኑት የመጀመሪያውን የመሠረተ ልማት፣ ሁለተኛውን የመድረክ፣ ሦስተኛውን የሶፍትዌር አገልግሎት ይሉታል።»

«ለዚያ ፈተና እኔንም ተቀመጥ ብለውኛል፣ በዚህ ሽበቴ» አሉኝ ጋሼ ቁልፍ፣ በደል እንደ ደረሰበት ሰው። ከዚያም ወደ ልጅቱ ተመልሰው፣ «ለምን ትልቅ ኮምፒዩተር ራሳችን ገዝተን አንገላገልም?» አሏት።

«የተማሪዎች ምርመራ ወር ሲደርስ ሥራው አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚያ ወር ብለን የገዛነው የቀረውን ዐሥራ አንድ ወር ሲያንኮራፋ ይኖራል። ኪራይ ከሆነ ግን ሥራው ሲበዛ እናሰፋለን፣ ሲቀንስ እናጠባለን። የምንከፍለው ለተጠቀምንበት ብቻ ነው።»

«ይሁን። የሰው ገመናስ? አንዱ ቢሰርቀው ማን ይጠየቃል?»

ይህ ጥያቄ የክርክር ማራዘሚያ አልነበረም፤ ሃያ ዓመት በአደራ የኖረ ሰው ጥያቄ ነበረ። ልጅቱም ይህን ያስተዋለች ይመስለኛል፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሕንፃውን፣ ማሽኑን፣ ሽቦውን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ፎቶውን ማን ይይ፣ የይለፍ ቃሉን ማን ይያዝ የሚለው ግን የእኛ ፋንታ ነው። የጋራ ኃላፊነት ይባላል። ብዙ ጀማሪ ፈተናው ላይ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ደመና ላይ ከወጣ ሁሉን እነሱ ይጠብቁልናል ብሎ ይተኛል።»

«እንግዲያው ቁልፍ ያዥ አሁንም ያስፈልጋል ማለት ነው» አሉ በቀስታ።

«እርስዎን የሚያህል ከየት ይመጣል?»

«አታቆላምጪኝ። ያ ሕንፃሽ ቢቃጠልስ?»

«ለዚያም ነው ቅጂው ተራርቀው በተሠሩ፣ መብራታቸው በተለያየ ሕንፃዎች የሚቀመጠው። አንዱ ቢጎዳ ሌላው ይሠራል። እርስዎስ ቅጂውን የት ነው ያስቀመጡት?»

«እዚሁ ነዋ። በሌላ ዲስክ ቀድቼ ኮምፒዩተሩ ላይ ደርቤ ቆልፌበታለሁ።»

ልጅቱ እጇን ወደ በሩ ዘርግታ፣ «አጎቴ፣ እስቲ ይክፈቱልኝ» አለች።

በሩ ሲከፈት ከውስጥ የወጣው ወበቅ እኔ ከተቀመጥሁበት ደረሰ። በግድግዳው ላይ ለአየር ተብሎ የተተወው ቀዳዳ በጨርቅ ጥርቅም ተደርጎ ተደፍኗል።

«ይሄን ማን ወተፈው?» አለች ልጅቱ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ቁልፍ። «ባለፈው ሳምንት። አቧራ እንዳይገባ፣ እጅም እንዳይገባ።»

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ተነሥታ ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰችው። «ወንድም ዓለም፣ ይሄ ለመወልወያ ብለህ ከእኔ የወሰድከው ቁርጥራጭ አይደለም እንዴ?»

ጋሼ ቁልፍ ጨርቁን አዩት። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው፣ «እኔው ነኝ ያፈንኩት» አሉ። ማንም አልሳቀም። ጥንቃቄ ዕውቀት ሲጎድለው የሚጠብቀውን እንደሚያንቅ ብዙ ጊዜ ሰምቼአለሁ፤ በዓይኔ ያየሁት ግን በዚያ ዕለት ነው።

ጨርቁ ወጣ፤ የሐኪሙ ማራገቢያ ከክፍሉ መጥቶ በበሩ ተተከለ። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። በመጨረሻ ኮምፒዩተሩ ነቃ፤ በላዩ ተደርቦ የነበረው ቅጂ ግን በሙቀቱ ተበላሽቶ አልነሣ አለ። ዋናው አብሮ ቢቃጠል ኖሮ በዚያች ክፍል የነበረው ሁሉ አብሮ በጠፋ ነበር።

የልብስ ሰፊዋ ፎቶዎች ተከፈቱ። ሐኪሙ የሦስቱን ዓመት ጎን ለጎን አድርጎ ካየ በኋላ የቀኝ ዓይኗ ነርቭ ጥቂት መሳሳቱን፣ የዛሬው ብቻ ቢሆን ግን ይህን ማወቅ እንደማይችል ነገራት። ጠብታውን ለወጠላት፤ በጊዜ ተደርሶበታል አላት።

ጋሼ ቁልፍ ይህን ከእህታቸው አፍ ሰሙና የሚፈረመው ወረቀት ይምጣ አሉ። ከመፈረማቸው በፊት ግን ሦስት ነገር ጠየቁ፦ ቅጂው በሁለት ሕንፃ ሲኖር አንድ ደግሞ እዚሁ አየር በሚገባበት ክፍል እንዲቀር፤ የይለፍ ቃል ብቻውን እንዳይከፍት፣ በስልክ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንዲኖር፤ ማን መቼ ምን እንደ ከፈተ የሚያሳየውን ዝርዝር በየሳምንቱ ራሳቸው እንዲያነቡ።

«አጎቴ፣ ይሄ እኮ ሳያጠኑት የፈተናው ግማሽ ነው» አለች ልጅቱ፣ ሦስቱንም ጽፋ እያስፈረመቻቸው።

«እንግዲያው መጽሐፉን አምጪው። ብወድቅ ግን ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

«ሰምቻለሁ» አለች እናቲቱ።

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፣ የዚህን ለውጥ ጥቅም ልብ በል። መዝገብ በአንድ ክፍል ሲታሰር የክፍሉ ዕጣ ዕጣው ነው፤ ተራርቀው በተሠሩ ሕንፃዎች ሲቀመጥ ግን አንዱ ቢወድቅ ሌላው ያነሣዋል። ሥራ በበዛ ጊዜ አቅም ይሰፋል፣ በቀነሰ ጊዜ ይጠባል። ሐኪም ሕመምተኛውን «ነገ ተመለስ» አይለውም። ታማኝ ሰውም ከሥራው አይባረርም፤ ሥራው ይለወጥና ታማኝነቱ የበለጠ ይፈለጋል። ይህን ሁሉ ከአንዲት ወጣት መማር ለሽማግሌ ውርደት አይደለም። ውርደቱ እያወቁ በስሕተት መጽናት ነው።

ይህን ላነበበ ሁሉ እግዚአብሔር ቤቱን በሰላም ይጠብቅለት፤ አዛውንቱን በጤና ያቆይለት፣ ልጆቹን በማስተዋል ያሳድግለት፤ ታላቅና ታናሽ የሚደማመጡበት ቤት ያድርግለት። አሜን።