የሰኞው አሥራ ስድስት ሰዓት

ቃል ሰጪ፦ በልብስ ማጠቢያ ድርጅት የሰዓት መዝጋቢ
ዕድሜ፦ 29
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ በላይ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከእናቷ ጋር
ቃሉ የተሰጠበት፦ ዓርብ ከጠዋቱ 3፡20፣ መርማሪ ክፍል
አቀራረብ፦ ሳትጠራ በራሷ ፈቃድ

እኔ ከላይ የተገለጽኩት በድርጅቱ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ጄኔሬተሩ በየቀኑ የተነሳበትንና የጠፋበትን ሰዓት ኮምፒዩተር ላይ ባለ ሰንጠረዥ ማስገባት ነው። ሰንጠረዡ በመካከል ያለፈውን ሰዓት ያሰላል፣ ከታች ይደምራል። ድምሩ 250 ሲሞላ የሞተሩ ዘይት ይቀየራል። ዘይት ከመጋዘን የሚወጣው የእኔ ወረቀት 250 ሲል ብቻ ነው፤ ያለዚያ ጠብታ አይሰጥም።

ቀድሞ ይህን በደብተር የሚይዙት መካኒኩ ነበሩ። የሞተርን ሕመም በድምፁ ስለሚለዩ ጋሽ ጆሮ እንላቸዋለን። ከሁለት ወር በፊት ሥራ አስኪያጁ ደብተሩ ይቅር ብሎ ሰንጠረዡን እንዳዘጋጅ አዘዘኝ። ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ፣ ሌላ ሰው እጁን አላስገባበትም። ያን ጊዜ መብራት ስለነበር ጄኔሬተሩ እምብዛም አይነሳም ነበር። የሠፈሩ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ወዲህ ግን በቀን አሥር ሰዓት ያህል ይሠራል።

ጄኔሬተሩ የተነሳበትና የጠፋበት ሰዓት የተጻፈበትን ወረቀት በየቀኑ ኮምፒዩተሩ ላይ ማስገባት ነበረብኝ። ነገ፣ ነገ ስል መሳቢያዬ ውስጥ ተከመረ። ባለፈው ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የሃያ አምስት ቀኑን ባንድ ጊዜ አስገባሁት። ድምሩ 16፡00 አለ። በጣቴ እንኳ ብቆጥር ውሸት መሆኑ ይገባኝ ነበር። አልቆጠርኩም።

እዚያው እያለሁ መካኒኩ ገቡ። "ልጄ፣ የሞተሩ ድምፅ አላማረኝም። ዘይቱም ጠቁሯል፣ ጎድሏልም። ወረቀቷን ስጪኝ" አሉኝ። ስክሪኑን አዞርኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩ። "አሥራ ስድስት? ሃያ አምስት ቀን ሙሉ ሲያጓራ ከርሞ አሥራ ስድስት?" አሉ። ልብስ ተኳሾቹ ሴቶች ፈቃድ ሊጠይቁ በር ላይ ቆመው ነበር። አፌን በቆረጠው፣ እነሱ እንዲሰሙልኝ ብዬ ጮክ አድርጌ "ጋሼ፣ ሰው ያረጃል እንጂ ኮምፒዩተር አያረጅም" አልኳቸው። ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። እሳቸው "እሺ፣ አንቺ ካልሽ ይሁን" ብለው ወጡ።

ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡30 ሞተሩ ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ተጣብቆ ቀጥ አለ። ጎኑ ተሰብሮ የጋለ ዘይት በአጠገቡ ያልፍ በነበረው የጥበቃ ሠራተኛ እግር ላይ ተረጨ። እሱን ሆስፒታል ወሰዱት። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሲጠይቀኝ የሰኞንና የማክሰኞን አሥር አሥር ሰዓት ጨመርኩ። ጨምሬበት ድምሩ ከ16 ወደ 12 ወረደ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የድምሩን ሳጥን ያዘጋጀሁት የግድግዳ ሰዓት በሚያሳይ ፎርማት ነበር። እንዲህ ያለው 24 በሞላ ቁጥር የፊቱን ጥሎ ከዜሮ ይጀምራል። ለተጠራቀመ ሰዓት የሰዓቱ ምልክት በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ መግባት አለበት። አስገባሁት፣ 276፡00 ወጣ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

ሥራ አስኪያጁ ከበስተኋላዬ "ስንት ይላል?" አለኝ። "276" ብዬ አትሜ ሰጠሁት። "ታዲያ ይህ ሰውዬ ምን ይጠብቅ ነበር?" አለ። ሰኞ ወረቀቱ 16 ይል እንደነበር አልነገርኩትም። ያ ወረቀት ለፖሊስ ተሰጠ። መካኒኩ ዘይቱን ሳይቀይሩ 26 ሰዓት አሳልፈዋል ተብለው በቸልተኝነት ተያዙ።

ትናንት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ባለቤታቸው ቢሮ መጡ። ሊወቅሱኝ መስሎኝ ከወንበሬ ተነሳሁ። ለካ ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው። "ወረቀቱን ሲያሳዩት አመነ። 'ልጅቷ አሳይታኛለች፣ 276ን 16 ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ዐይኔም አእምሮዬም ከድቶኛል፣ ከእንግዲህ ሞተር አልነካም' ይላል። የወሰድኩለትን ምሳ አልቀመሰም። አንቺንም ጣጣ ውስጥ ስላስገባሽ ይቅር በይው፣ የኔ ልጅ" ብለው ጉንጬን ስመውኝ ሄዱ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እስከ ዛሬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

የመካኒኩ ዐይን ደህና ነው። ሰኞ ያዩት 16 ነበር፣ እኔም ያየሁት 16 ነበር። ዘይቱ እንዲቀየር ጠይቀዋል፣ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። ሌላ ነገር ከመደረጉ በፊት ይህ ቃል ለእሳቸው እንዲነበብላቸው እለምናለሁ።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። መርማሪው ወረቀቱን ስለመስጠቴ "ባለማወቅ" ብሎ ጽፎልኝ ስላገኘሁት እንዲሰረዝ ጠይቄ ተሰርዟል። ሰኞ አላወቅኩም ነበር፤ ረቡዕ ግን አውቄ ነው ዝም ያልኩት። የቀረው በተናገርኩት መሠረት የተጻፈና እውነት በመሆኑ ፈርሜበታለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
የመርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)