እህታችንን ወደ እናታቸው ያፈጥን የነበረው በረራ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የታላቅ እህቴን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ቤተሰቡ የመረጠኝ አንደበቴ ተብቶ ሳይሆን እንደ ልማዱ በቅርብ የተገኘሁት እኔ ስለሆንኩ ነውና፣ በመካከሉ ቅናት ብትሰሙብኝ እንዳትፈርዱብኝ፤ ሙት ወቃሽም አያድርገኝ።

እህታችን ከአናጢው አባታችንና ዛሬ ከፊታችን ከተቀመጡት እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። በሂሳብ ትምህርት አቻ ስላልነበራቸው የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው ባሕር ማዶ ሲሻገሩ፣ እኔ በዚያው ዓመት የልብስ ስፌት መኪናዬን ከእናታችን መኝታ ቤት አጠገብ ተከልኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልነቀልኩትም።

በትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ የበረራ ዕቅድ አውጪ ሆነው ሲያገለግሉ፣ አውሮፕላኑ በየት ቢሄድ መንገዱ እንደሚያጥር፣ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚበቃውና ነፋሱ የት ላይ እንደሚያግዘው እያሰሉ ለአብራሪዎች ይሰጡ ነበር። ከእሳቸው ከተማ ወደ እናታችን ከተማ የሚያመጣውንም መስመር ያወጡት ራሳቸው ነበሩ። በዚያው መሥሪያ ቤት ካገኟቸው የሞተር ጥገና ባለሙያ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

በየዓመቱ ለዕረፍት ሲመጡ፣ አውሮፕላኑ ተነሣ ከተባለ ጀምሮ አረፈ እስኪባል እናታችን እህል አይቀምሱም ነበር። የሚያመጣቸው በረራ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ የሚመልሳቸው ግን ዐሥራ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሲመጡ ነፋሱ ከኋላ ይገፋል፣ ሲሄዱ ከፊት ይገጥማል። እናታችን ግን፣ ልጄ ወደ እኔ ስትመጣ ትፈጥናለች፣ ስትለየኝ እግሯ ይከብዳታል እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ። ነፋስ ነው እኮ እማዬ ብል ማን ሰምቶኝ! ምቀኛ ተብዬ ቀረሁ። እህታችንም እንጀራቸው ይኸው ስሌት ሆኖ ሳለ፣ ፈገግ ብለው ያልፉት ነበር። እኔ ገበያ ደርሼ ስመለስ ለምን ዘገየሽ ያለኝ የለም፤ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።

ባለፈው ዓመት በእህታችን ላይ የጉበት ሕመም ስለጠና ሐኪሞች በረራ ከለከሏቸው፤ እናታችንም በዕድሜ ምክንያት መሄድ ስላልቻሉ፣ ስልኩን ከጆሯቸው ላይ ደግፌ የማገናኛቸው እኔ ነበርኩ። እህታችን ባለፈው ሳምንት በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። አስከሬናቸው ሲመጣም እናታችን እህል ሳይቀምሱ ጠበቁ። አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ያን ቀን እንኳ ቀናሁ።

እህታችን እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኔን ታናሽ እህታቸውን ጥለውን ሄደዋል። አሁን ላነብላችሁ ከመቀመጫዬ ስነሣ እናታችን ቀሚሴን ጨብጠው ወዴት እንደምሄድና መቼ እንደምመለስ ጠየቁኝ። ዕድሜ ልኬን ይህን ጥያቄ ስመኝ ኖርኩ፤ ምነው ሳይጠይቁኝ በቀሩ፣ ምነው እህቴ በኖሩና እኔም እንደቀናሁ በኖርኩ!

አምላክ የእህታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ማረፊያ ያሳርፍልን። እኔም ልመለስ፤ እናታችን እየጠበቁኝ ነው።