ዮጋ በእድር ሰሌን ላይ

አዳማ፣ ማለዳ፤ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ኤፍራታ ግቢ ውስጥ የእድሩ ሰሌኖች መሬት ላይ ተነጥፈዋል፤ የእድሩ ንብረት ጠባቂ ጋሽ ተካልኝ አንዱን ከጫፉ መጠቅለል ጀምረዋል፣ እሷ በሌላኛው ጫፍ ላይ ቆማበታለች፤ ጎረቤቶች እያጉረመረሙ አሁን ገና ከግቢው ወጥተዋል።

ኤፍራታ፦ ሰሌን በተነጠፈ በመጀመሪያው ቀን ግቢ ሙሉ ሰው! የትኛው የዮጋ አስተማሪ ነው በመጀመሪያው ቀን ግቢ የሞላለት? እኔ በተፈጥሮዬ ሰው የምስብ ነኝ ማለት ነው፣ ጋሼ።

ጋሽ ተካልኝ፦ ከሰሌኑ ላይ ውረጂ።

ኤፍራታ፦ መጀመሪያ ይመኑልኝ። መጥተዋል አልመጡም?

ጋሽ ተካልኝ፦ መጥተዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ። ለዮጋ እንደዚያ ነው የሚለበሰው?

ኤፍራታ፦ አለባበሱ ቀስ እያለ ይስተካከላል።

ጋሽ ተካልኝ፦ ሊያለቅሱ ነው የመጡት! የእድር ሰሌን በጠዋት ግቢ ውስጥ ተነጥፎ ያየ ሰው ምን እንዲል ፈለግሽ? ልደት አለ ይበል?

ኤፍራታ፦ ጡሩምባ አልተነፋ፣ ድንኳን አልተተከለ። አንድ ጊዜ ጠይቆ መግባት ምን ይከብዳል?

ጋሽ ተካልኝ፦ ጡሩምባ ነፊውን እየረገሙት ነው የወጡት። ሰውየው ምንም በማያውቀው፣ ገና ከእንቅልፉ ሳይነሣ ስሙ ጠፋ። እኔንማ ተይኝ! «ሰሌኖቹን ፀሐይ ላስመታልዎት፣ ላራግፍልዎት፣ እርስዎ ጉልበትዎን ያምዎታል» ብለሽ አይደል ትናንት ከእቃ ቤት የወሰድሻቸው? እኔ ሞኙ ደግሞ የተባረከች ልጅ ብዬ መረቅሁሽ።

ኤፍራታ፦ ፀሐይም ነክቷቸዋል፣ ተራግፈዋልም። ምርቃቱን መልሺ ማለት አይቻልም።

ጋሽ ተካልኝ፦ ምላስሽን ይቁረጠው። ለመሆኑ አንድ ፍሬ ልጅ ነሽ፣ ይሄ ሁሉ ሰሌን ምን ያደርግልሻል?

ኤፍራታ፦ አንዱ ለእኔ ነው። ሌላው ለተማሪዎቼ።

ጋሽ ተካልኝ፦ የት አሉ ተማሪዎችሽ?

ኤፍራታ፦ ማስታወቂያ ለጥፌያለሁ፣ ሱቁ በር ላይ። «በየቀኑ ጠዋት፣ በነፃ፣ ምንጣፍ ከእኛ» ብዬ። በቀይ እስክርቢቶ ነው ደግሞ የጻፍኩት።

ጋሽ ተካልኝ፦ ከለጠፍሽው ስንት ጊዜ ሆነው?

ኤፍራታ፦ ቀዩ ነጥቷል።

ጋሽ ተካልኝ፦ እና ማን መጣ?

ኤፍራታ፦ የእትዬ ጥሩነሽ ድመት አልፎ አልፎ ይመጣል። እሱ እንኳ ከእኔ ይበልጣል፣ ሲለጠጥ አይተውት ያውቃሉ?

ጋሽ ተካልኝ፦ ሰው ካልመጣ አንዱን አንጥፈሽ አትሠሪም? ለድመት ነው ይሄን ሁሉ የምታነጥፊው?

ኤፍራታ፦ አንድ ብቻ ሲነጠፍ ግቢው ይሰፋብኛል።

ጋሽ ተካልኝ፦ እህ። ይሄስ ጡብ ምንድን ነው? ካናቴራ ያለበስሽው በርዶት ነው?

ኤፍራታ፦ ጎንበስ ሲሉ እጅ መሬት አልደርስ ካለ እዚያ ላይ ያርፋል። እዚህ ስልኬ ውስጥ የምታስተምረኝ ሴትዮ የስፖንጅ አላት፣ ቀለል ያለች፣ ሮዝ። እኔ ያለኝ ከአጥር የወደቀ ነው። ካናቴራው እጅ እንዳይፍቅ ነው።

ጋሽ ተካልኝ፦ መቀነቱስ? ቆይ፣ ይሄ የእናትሽ አይደለም?

ኤፍራታ፦ የእሷ ነው።

ጋሽ ተካልኝ፦ የሟች መቀነት መሬት ላይ ይጣላል?

ኤፍራታ፦ አልጣልኩትም፣ እየሠራሁበት ነው። ቁጭ ብለው እግርዎን ሲዘረጉ ጣትዎን መያዝ ካቃተዎት መቀነቱን በውስጥ እግርዎ ያዞሩና ሁለቱን ጫፍ ይይዛሉ። ሴትዮዋ «ጓደኛችሁ ከፊት ሆኖ ይሳባችሁ፣ ጓደኛ ከሌለ ማሰሪያ ተጠቀሙ» ትላለች። እኔ ማሰሪያ ተጠቀምኩ።

ጋሽ ተካልኝ፦ የትምህርት ቤት ጓደኞችሽስ?

ኤፍራታ፦ ትምህርት ቤት ናቸዋ።

ጋሽ ተካልኝ፦ አንቺ ትምህርት ከተውሽ ወዲህ ብቅ አይሉም?

ኤፍራታ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ጉልበትዎን ነው የሚያምዎት ወገብዎን?

ጋሽ ተካልኝ፦ ወሬ አታዙሪብኝ።

ኤፍራታ፦ ሲጎነበሱ «እህህ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይቀመጡ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሞቴ! ከዚያ እኔው ራሴ ጠቅልዬ፣ ተሸክሜ እቃ ቤት አደርስልዎታለሁ።

ጋሽ ተካልኝ፦ ተሸክመሽ?

ኤፍራታ፦ ሁሉንም።

ጋሽ ተካልኝ፦ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል?

ኤፍራታ፦ ማን ያይዎታል? ሁሉም ተቆጥቶ ሄዷል። ይቀመጡ። እንደሱ አይደለም፣ ባዶ መሬት ላይ አይቀመጡ፣ ጋቢውን አጥፌልዎታለሁ፣ ጠርዙ ላይ ነው። ወገብ ከፍ ሲል ጉልበት ራሱ ይወርዳል።

ጋሽ ተካልኝ፦ የኔ አልወረደም።

ኤፍራታ፦ ትራሱን ከሥሩ ላስገባልዎት። ተንጠልጥሎ አይቅር፣ የሚደገፍበት ሲያገኝ ይለቃል። አሁንስ?

ጋሽ ተካልኝ፦ ይሻላል። ቆይ ቆይ፣ አትንኪው! እንዲሁ ይሻላል።

ኤፍራታ፦ አሁን መቀነቱ። ቀኝ እግርዎን ይዘርጉ። እኔ አዞርልዎታለሁ። ጫፎቹን ይያዙና ቀስ ብለው ወደ ራስዎ። ትንፋሽዎን አይዋጡት እንጂ! ባለሥልጣን ፊት የቆሙ ይመስል ምን ያስጨንቅዎታል?

ጋሽ ተካልኝ፦ እህህ… ይሄ ከጭኔ በስተኋላ ያለው ጅማት እስከዛሬ የት ነበር?

ኤፍራታ፦ እዚያው ነበር፣ የሚጠይቀው አጥቶ ነው።

ጋሽ ተካልኝ፦ አንቺ ልጅ እናትሽን ነው የምትመስይው። እሷም እየቀለደች ነበር የእድሩን ሥራ የምታስጨርሰን።

ኤፍራታ፦ አሁን ወደ ኋላ ይተኙ። የመጨረሻው ይሄ ነው። እጅ ወደ ጎን፣ መዳፍ ወደ ላይ፣ ዓይን ይጨፈናል። ብርድ እንዳይነካዎት ጋቢውን ላልብስዎት።

ጋሽ ተካልኝ፦ እና አሁን ምን ልሥራ?

ኤፍራታ፦ ምንም። እንደ ሬሳ መሆን ነው። ስሙም እንደዚያ ነው።

ጋሽ ተካልኝ፦ በስመ አብ! በእድር ሰሌን ላይ? ልነሣ!

ኤፍራታ፦ ትንሽ ብቻ። ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው ትላለች ሴትዮዋ። እኔ ግን በዚህኛው ጎበዝ ነኝ።

ጋሽ ተካልኝ፦ እኔ ይሄን ሰሌን ተሸክሜ፣ አንጥፌ፣ ቁጭ ብዬበት አልቅሼ ነው የማውቀው። ጀርባዬን ሰጥቼው አላውቅም። ባለቤቴ የሞተች ጊዜ ያነጠፍኩትም የጠቀለልኩትም እኔው ነኝ። ቁልፉ እኔ ጋ ነዋ።

ኤፍራታ፦ የሚያግዝዎት አልነበረም?

ጋሽ ተካልኝ፦ ለማንጠፍ ሞልቶ ነበር።

ኤፍራታ፦ የእኛም እንደዚያው ነው። እማዬ የሞተች ጊዜ ሦስቱን ቀን እዚህ ግቢ ውስጥ እግር መጣያ አልነበረም። እትዬ ጥሩነሽ ከጎኔ አልተነሣችም፣ ሽንት ቤት ድረስ ትከተለኝ ነበር። ያኔ ሰልችቶኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ከዚያ እርስዎ መጡና ሰሌኑን ሲጠቀልሉ ሰዉም አብሮ ተጠቀለለ። አባባ የጭነት መኪናውን አስነሥቶ ወደ ጅቡቲ፣ ሌላው ወደ ቤቱ።

ጋሽ ተካልኝ፦ ሥራዬ ነው እኮ፣ ልጄ። ሌላ ቦታም ይፈለጋል።

ኤፍራታ፦ አውቃለሁ። አልወቀስኩዎትም። ሴትዮዋ ምንጣፍ ያስፈልጋል ስትል ግን፣ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ሞልቶ፣ መጀመሪያ የታየኝ ይሄ ነው።

ጋሽ ተካልኝ፦ እስቲ አንሺኝ። ቀስ… እንደሱ። አሁን ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ። ጥሩነሽ ዛሬ እየጮኸች ስትገባ ምን አልሻት?

ኤፍራታ፦ ልናገር አፌን ስከፍት እቅፍ አደረገችኝ።

ጋሽ ተካልኝ፦ የታቀፈ ሰው አይናገርም?

ኤፍራታ፦ ፊቴ ነጠላዋ ውስጥ ነበር።

ጋሽ ተካልኝ፦ ኤፍራታ።

ኤፍራታ፦ ልነግራት ነበር። ትንሽ ቆይቼ።

ጋሽ ተካልኝ፦ እስከ መቼ?

ኤፍራታ፦ ሌሎቹ እስኪደርሱ። እነሱም አቀፉኝ። «አባትሽም ሄደብሽ? ብቻሽን ቀረሽ?» ትላለች እትዬ ጥሩነሽ። ሁለት ጥያቄ ነው ጋሼ። እኔ ለአንዱ ብቻ ነው የመለስኩት።

ጋሽ ተካልኝ፦ ለየትኛው?

ኤፍራታ፦ ለሁለተኛው።

ጋሽ ተካልኝ፦ አይ አንቺ ልጅ!

ኤፍራታ፦ ውሸት አይደለም እኮ።

ጋሽ ተካልኝ፦ በቁም ላለ አባትሽ ሰው አስለቀስሽ! ይሄ ነገር ለእድሩ ሰብሳቢ ሲደርስ እኔን ከእቃ ቤት፣ አንቺን ከሰፈር ያስወጣናል።

ኤፍራታ፦ እኔ እሄድና ይቅርታ እጠይቃለሁ። በየቤታቸው፣ አንድ በአንድ። እትዬ ጥሩነሽ ጋ ቁጭ ብዬም ቢሆን እጠይቃለሁ።

ጋሽ ተካልኝ፦ ይሄ ቅጣት ነው ወይስ እንግድነት?

ኤፍራታ፦ ሁለቱም ያው ነው። ሰሌኖቹን ግን አይውሰዱብኝ። ለቅሶ ሲኖር ወዲያው አመጣለሁ፣ ሌላ ጊዜ እዚህ ይዋሉ። እቃ ቤት ውስጥ ብል ነው የሚበላቸው። እርስዎም ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ፣ ጉልበትዎ ይፍታታል። አሁን እንኳ ሲነሡ «እህህ» አላሉም!

ጋሽ ተካልኝ፦ ሳልል ቀርቼ ነው?

ኤፍራታ፦ አላሉም። ሰምቼ ነው።

ጋሽ ተካልኝ፦ ስልክሽ የት ነው?

ኤፍራታ፦ ጉልበትዎ ሥር ከነበረው ትራስ ሥር። ድምፁን አጥፍቼዋለሁ፣ ልምምድ ላይ ይጠፋል።

ጋሽ ተካልኝ፦ አውጪና እዪው።

ኤፍራታ፦ ማን ይደውልልኛል ብለው ነው? ቆይ… አባባ ነው። አባባ ደውሏል! ኧረ ደጋግሞ ነው የደወለው፣ ይዩት፣ ገጹ ሞልቷል!

ጋሽ ተካልኝ፦ ጎረቤትሽ ሻምበል ግርማቸው በአጥር አይቶሻል፣ ማንም ሳይመጣ በፊት። ሰሌን ላይ ተጋድመሽ፣ ጋቢው እስከ አንገትሽ፣ ዓይንሽ ተጨፍኖ። ገብቶ እንኳ ሳይነካሽ አባትሽ ጋ ደወለ።

ኤፍራታ፦ ምን ብሎ?

ጋሽ ተካልኝ፦ «ና፣ ልጅህ…» ብሎ አለቀሰበት። አባትሽ አንቺ ጋ ቢደውል አታነሺም። ከዚያ ወደ እኔ ደወለ። ድንኳኑ ተተክሏል ወይ አለኝ።

ኤፍራታ፦ የት ደርሶ ነበር?

ጋሽ ተካልኝ፦ አዋሽን አልፎ።

ኤፍራታ፦ እና… መኪናውን አዞረ?

ጋሽ ተካልኝ፦ ያን ተሳቢ እያለቀሰ አዞረው። ሲደውልልኝ ወደዚህ እየነዳ ነበር።

ኤፍራታ፦ አላልኩዎትም? አላልኩዎትም ጋሼ! አባባ ጭነት ይዞ ከመንገድ ተመልሶ አያውቅም፣ እማዬ ስታምጥ እንኳ አልተመለሰም፣ ለእኔ ሲል ግን አዞረው! ምሳ ሰዓት ይደርሳላ? ቤቱ አልተጠረገም። ያው ይቆጣል፣ ይቆጣ፣ ምን ቸገረኝ፣ ቁጭ ብሎ ይቆጣኝ። ሁለቱን ሰሌን ይተዉልኝ፣ አንዱ ለእሱ ነው፣ መሪ ላይ ሲውል ወገቡ ይደርቃል፣ መቀነቱን እንዴት እንደሚይዝ አሳየዋለሁ። ከመጣ አይቀር ዛሬ ያድራል፣ አይደል?

ጋሽ ተካልኝ፦ ልጄ።

ኤፍራታ፦ ምነው? አሁንም ይቆጡኛል? ሰው ሳብኩ አልሳብኩም?

ጋሽ ተካልኝ፦ አይቼሽ ደህና ነች ስለው መልሶ ወደ ጅቡቲ አዞረው።