ውዱእን ያላሰብንበት ፓውደር

— ሄሎ! … ጣይባ? ምን ያንሾካሽክሻል? … እኔው ነኝ፣ ሊድያ። ከዚህ ከኮምቦልቻ ፀጉር ቤት ወዴት እሄዳለሁ! … ቆይ፣ ቀስ በይ። የሀፊዝ አክስት መጡ? … አሁን ሳሎን ተቀምጠዋል? … ጠዋት መጥተው፣ አይተውሽ፣ ለአንቺና ለሀፊዝ ኒካ ቃላቸውን ሰጥተው ከሰላት በፊት ይሄዳሉ አላልሽኝም? … ከኩታበር መኪና አጥተው ነው የዘገዩት። እሺ።

— ፊትሽስ? … መስኮት ጋ ሆነሽ አየሽው? … አንገትሽና ጉንጭሽ አንድ መልክ ነው? … እንደነገርኩሽ ነዋ! ብሩሹን ክዳኑ ላይ አሽከርክረሽ፣ ትርፉን አራግፈሽ፣ ስስ ስስ አድርገሽ። ሚኒራል ፓውደር እኮ ካልከመርሽው የራስሽን ቆዳ ነው የሚመስለው። በአንዴ ከደፋሽው ግን ወፍጮ ቤት ያደረች ድመት ነው የምትመስዪው። … አትሳቂ፣ ይሰነጠቃል!

— ከከንፈርሽ ጥግ ያለችው ነጯ ለምጽስ? አምና የወጣችብሽ? … ምንም አትታይም? … ይኸው! ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የደወልሽው? … ምን አሉ? … «ተነሽ ልጄ፣ ውዱእ አድርገን አብረን እንስገድ» …

— ወይ ጉዴ።

— አለሁ፣ አለሁ፣ እያሰብኩ ነው። … እትዬ ሸዋረጋ፣ መጣሁ! ሴትየዋ ካስክ ሥር ናቸው፣ ፀጉራቸው ገና አልደረቀም! … ጣይባ፣ ላቡን አስበናል፣ ፀሐዩን አስበናል፣ ሻዩን እንኳ አስበናል። ይሄን እንዴት ረሳነው?

— በቃ፣ የወር አበባዬ መጥቷል በያቸው። … ለምን አይሆንም? … ጾመኛ ነኝ ብለሻቸዋል? ማን በይ አለሽ? … እኔ? … አዎ፣ እኔ ነኝ። ምሳው ፓውደሩን እንዳያስለቅቅብሽ ብዬ። … እሺ፣ በወር አበባ ጾም የለም፣ ገባኝ፣ አትጩሂብኝ!

— በውሃ ነካ ነካ አድርገሽስ? … ቆዳው ካልራሰ ውዱእ አይሆንም። አውቃለሁ፣ ሆጤ አንድ ግቢ ያደግን ልጆች፣ እኔን ታስተምሪኛለሽ? … ታጥበሽ ሮጥ ብለሽ እንደገና ቀባ … የውሃውን ኩስኩስት ይዘው በር ላይ ቆመዋል? ራሳቸው ሊያፈሱልሽ?

— ስሚኝ፣ እንዳትታጠቢ! ራሴን አመመኝ ብለሽ ተኚ። … አታልቅሺ፣ እንባ ከውሃ ይብሳል፣ መስመር ይሠራል! … ምን? … ሄሎ? ትሰሚኛለሽ? … «ዋሽቼ አልሰግድም።» …

— እሺ። … እሺ አልኩሽ እኮ። … ግን ሀፊዝ ከጂዳ በቪዲዮ ሲደውል ነጯን አንድም ቀን አላያትም? … ሁሌ ተቀብተሽ ነው የምታነሺው? … ሁሌ።

— ስልኩን አትዝጊው። እዚያው ቅርብ አስቀምጪው።

— … ውሃው ይሰማኛል። … እትዬ ሸዋረጋ፣ ካስኩን አንዴ ያጥፉልኝ፣ በማርያም! … ኧረ የማንም ሐሜት አይደለም! የጓደኛዬ ትዳር ነው!

— ጣይባ? … ታጥበሽ ጨረስሽ? … አገጭሽን ያዙ? … ቀና አደረጉሽ? … ምን አሉ፣ ንገሪኝ እንጂ! … «ቁስል ነው ወይ?» … አያምም፣ አይጋባም፣ ሐኪሙ እንዲህ ብሏል በያቸው! … አልሻቸው? እና?

— «ሀፊዝ በዚህ ፊትሽ ያውቅሻል?» … ወይ ጣይባ። ምን መለስሽ? … እውነቱን።

— አልተቆጡም? … አይታወቅም? ፊታቸውን እዪው እንጂ! እኔ ከኮምቦልቻ ሆኜ ልየው? … ምን? «ሰግደን ስንነሳ አጠገቤ ሆነሽ ደውዪለት» አሉ? … ዛሬ? … መስገጃሽን ከጎናቸው አነጠፉልሽ? ይሄ እኮ ጥሩ ነው። … ጥሩ ነው አይደል? … አንቺም አታውቂም።

— በቪዲዮ ነው የምትደውዪው? … እንዲሁ፣ በባዶ ፊትሽ? … ትንሽ እንኳ ነካ ብታደር … አይ። ተይው። ምንም አልልም። እኔ ያልኩሽን ሁሉ ሰምተሽ ነው እዚህ የደረስሽው።

— አንዲት ነገር ብቻ፣ ከዚያ አፌን እዘጋለሁ። አይቶሽ ዝም ካለ፣ አንቺ ስልኩን እንዳትዘጊበት። ዝም ቢልም አንቺ ቁጭ ብለሽ እዪው። መዝጋት ከፈለገ እሱ ይዝጋው። … እሺ በይኝ። … ጮክ ብለሽ።

— በይ ሂጂ፣ እየጠበቁሽ ነው። … አትፍሪ። … እኔ ነኝ የፈራሁት፣ አንቺ ሂጂ። ቻው።