ሮተርዳም የወረደው የስፌት መኪና

የአገራችን ዕቃ በአሰብ ወደብ በሚገባበት ዘመን፣ አሜሪካ ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ ፓርኪንግ ስሠራ ነው። አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ሁለት የልብስ ስፌት መኪና በመርከብ ልኬላታለሁ፤ እሷም ሱቅ ተከራይታ ትጠብቃለች። አንድ ቀን የጫነው ቢሮ ኮል አደረገና፣ «ዕቃህ ሮተርዳም ወርዷል» አለኝ። ወደ አሰብ የላክሁት ዕቃ ሆላንድ ምን ይሠራል? በቃ ጠፋ አልኩ። አብረውኝ የሚሠሩት ጋሽ በየነ ድሮ መርከበኛ ነበሩ፤ ብነግራቸው ከት ብለው ሳቁ።

«ምኑ ያስቅዎታል ጋሼ?»

«ሮተርዳም ከደረሰማ ደህና ነው! ከተማው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቦምብ ሲጋይ፣ ሰዎቹ ከቤታቸው በፊት ለመጠገን የተሯሯጡት ወደቡን ነው። እንጀራቸው እኮ የዓለምን ዕቃ ከአንዱ መርከብ አውርዶ በሌላው መጫን ነው። የሰው አደራ ቢያጠፉ ምን ይበላሉ? ያንተም ዕቃ ወደ አሰብ የሚሄደውን መርከብ እየጠበቀ ነው።»

እፎይ አልኩ፤ ልቤ ግን ሙሉ በሙሉ ያረፈው ከወር በኋላ እህቴ ስትደውል ነው። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ «ስማ!» ብላ ስልኩን አስጠጋችው። መኪናው ተርርር ሲል ሰማሁና ብቻዬን ሳቅሁ።