ሳይቆጠር የቀረው የዶክተር ሰርክአዲስ አንተነህ ዘር

ከጦርነቱ ተርፋችሁ፣ በየሄዳችሁበት ተበትናችሁ፣ ዛሬ ግን ለአንዲት እኅታችሁ ቀብር ካርቱም የተገናኛችሁ ወገኖች ሆይ፤ የዶክተር ሰርክአዲስ አንተነህን ዜና ሕይወት እንድትሰሙ በአክብሮት እንለምናለን። እንዲህ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ሟቿ ናቸው፤ በሕመም ላይ ሳሉ ለልጃቸው ለወይዘሪት ዮሳቤጥ በቃል የነገሯትን፣ በእናታቸው በኩል ያለን ዘመዶች ሳንጨምርና ሳንቀንስ አሰናድተነዋል። የሚቆረቁረው ሰው ቢኖር ሟቿ ይህንንም አስበውበታል።

ዶክተር ሰርክአዲስ ከአባታቸው ከአቶ አንተነህ ሸዋዓለም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የኔነሽ በ1974 ዓ.ም. በካርቱም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በቀይ ሽብር ዘመን በመተማ በኩል ድንበር ተሻግረው ገዳሪፍ የገቡ የፖለቲካ ስደተኛ ሲሆኑ፣ በዚያ ጉዞ አብረዋቸው የነበሩት ዛሬ በመካከላችን ከፊት ወንበር የተቀመጡት አቶ ገብረየስ ናቸው። ሁለቱ ሰዎች አብሮ አደግ ጓደኛሞች ነን ብለው ስለ ተመዘገቡ፣ አባታቸውን በሱዳን ስደት ላይ ያገቧቸው ወይዘሮ የኔነሽም ሆኑ እኛ ሁላችን ይህንኑ አምነን ኖርን። አቶ አንተነህ ልጃቸው ገና ፊደል ሳትለይ በጭነት መኪና አደጋ ስለ ሞቱ፣ ወይዘሮ የኔነሽ አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር በሰው ቤት እያገለገሉ፣ የሰው ልብስ አጥበው፣ የሰው ልጅ አዝለው፣ የራሳቸውን ልጅ ለወግ ለማዕረግ አበቁ።

ሟቿ የተማሩት በዐረብኛ ሲሆን፣ አማርኛውን ያገኙት ከእናታቸውና ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ በመሆኑም ሲደሰቱ አማርኛቸው እንደ ማንኛችንም ሆኖ ሲናደዱ ግን ወደ ዐረብኛው ያመልጥ ነበር። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ በሕይወት ሳይንስ በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቀው፣ የዶክትሬት ትምህርታቸውን በኳላላምፑር ፈጽመው ተመለሱና፣ በሳንባ በሽታ ምርምር ላይ ከሱዳናዊቷ ባልደረባቸው ከዶክተር ኒዕማ ጋር አንድ ላቦራቶሪ አቋቁመው እስከ ጦርነቱ ድረስ ሠሩ። የሰው አክታ በብልቃጥ እየሰበሰቡ ሲመረምሩ ይውሉ ስለ ነበር፣ በዚህ ግቢ ከተቀመጣችሁ ውስጥ እጃቸውን ለመጨበጥ የተጸየፋችሁ እንዳላችሁ ያውቁ ነበር፤ ስማችሁ እንዳይጠራ ያሉትም እርሳቸው ናቸው።

ወደ ውጭ ለትምህርት ከመሄዳቸው በፊት በ1998 ዓ.ም. የአቶ ገብረየስን ልጅ አቶ ፀጋአብን አገቡ። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚተዋወቁ፣ የሚዋደዱም ነበሩ። እንደ ወጋችን ሰባት ቤት መቆጠር ስለ ነበረበት፣ በሙሽራዪቱ አባት በኩል ያለውን ዘር የሚያውቅ ሌላ ሰው በሕይወት አልነበረምና፣ ሽማግሌዎቹ የሙሽራውንም የሙሽራዪቱንም ዘር እንዲቆጥሩ የለመኑት አቶ ገብረየስን ነበር። ለነገሩ በካርቱም የማንኛችን ዘር ቢሆን የተቆጠረው በእርሳቸው አፍ ነው፤ በገዳሪፍ ከስደተኞች ሁሉ ቀድመው ደርሰው ማን ከየት እንደ መጣ፣ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ ያወቁ እርሳቸው ነበሩና። በዚያ ቀን የአቶ አንተነህን ዘር ቆጠሩ፤ ቀጥለው የራሳቸውን ቆጠሩ፤ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ሁለቱን ዘሮች በየፊናቸው ሰደዷቸውና፣ “ኻላስ፤ እስከ ሰባት ቤት አይገናኙም፤ ያላ ደግሱ” አሉ። እኛም ደገስን፤ በላን፤ ዘፈንን።

ከዚህ ጋብቻ ወይዘሪት ዮሳቤጥና ሕፃን አምኃ ተወለዱ። ዮሳቤጥ ጤነኛ ሆና አደገች፤ አምኃ ግን ከጡት ሳይወርድ ጀምሮ ደረቱ እያፏጨ፣ ሲሳም ቆዳው ጨው ጨው እያለ፣ የበላው ሁሉ ከሰውነቱ ሳይዋሐድ ከሳ። ሰዉ የመሰለውን ተናገረ፤ ከፊሉ ዓይን ነው አለ፤ ከፊሉ እናቲቱ ከላቦራቶሪ ያመጣችበት ነው አለ። አያቱ አቶ ገብረየስ ይህን ሁሉ እየሰሙ፣ ሕፃኑን በእቅፋቸው ይዘው ጠበል ለጠበል ከመዞር በቀር አፋቸውን አልከፈቱም። ልጁን ይወዱት ነበር፤ ይህን ሟቿም አልካዱም።

ሕመሙን ያወቁት እናቱ ራሳቸው ናቸው። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ይባላል፤ ሳንባን የሚያረጥበው ፈሳሽ እንደ ሙጫ ወፍሮ መተንፈሻውን የሚደፍን፣ ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን ዘረመል የወረሰ ልጅ ብቻ የሚታመመው በሽታ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዶክተር ሰርክአዲስ ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። ጉዳት እንዳያደርስ በተገራ ቫይረስ ላይ ጤናማውን ዘረመል አሸክሞ፣ በጉም መልክ በትንፋሽ ወደ ሳንባ ለማስገባት ይቻል እንደ ሆነ፣ ከልጃቸው አፍንጫ በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ ይሞክሩ ጀመር። መድኃኒት ሆኖ ሰው ዘንድ እስኪደርስ ዓመታት እንደሚፈጅ፣ የልጃቸውም ሳንባ ያን ያህል እንደማይጠብቅ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ እያወቁ ሠሩ።

ለዚሁ ሥራ የአባት፣ የእናትና የልጅ ደም ዘረመል በዝርዝር ሲነበብ፣ ውጤቱን ቀድመው ያዩት ዶክተር ኒዕማ ነበሩ። “ያ ሰርክ፣ ባልሽ ወድ ዐምሽ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?” አሉ፤ የአጎትሽ ልጅ ማለታቸው ነው። የእርሳቸውም እናትና አባት የወንድማማች ልጆች ስለ ነበሩ፣ እንደ ሱዳን ወግ ምንም ነውር አልታያቸውምና ሻይ ሊያፈሉ ሄዱ። ዶክተር ሰርክአዲስ ደሙ ተቀላቅሎ ይሆናል ብለው እንደ ገና ቀዱ፤ እንደ ገና አስነበቡ፤ ያው ሆነ። ሁለቱ አባቶች ከአንድ አባትና ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው፤ አምኃን የሚያንቀው ዘረመልም ከአንድ አያት ተነሥቶ በሁለት በኩል የመጣበት ነው።

በዚያው ዕለት ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው ወደ አቶ ገብረየስ የቅመም ሱቅ ሄዱና ጠየቁ። አቶ ገብረየስ አልካዱም። ሁለቱ ወንድማማቾች በስደት መንገድ ላይ አሳዳጆቻቸው በቤተሰብ ስም እንዳይለዩአቸው ሲሉ ተማምለው እንደ ተካካዱ፣ ታናሽዬው እርሳቸውም የአባታቸውን ስም ሸዋዓለምን ትተው ሰብስቤ ተብለው እንደ ተመዘገቡ ነገሯቸው። ታዲያ ሠርጉ ሲደገስ ለምን ዝም አሉ ቢባሉ፣ “ልጄ፣ ወረጋው፣ የስደት ወረቀቴ፣ ይበላሽብኝ ነበር፤ በዚያው ዓመት ለካናዳ ቃለ መጠይቅ ቀጥረውኝ ነበር” አሉ። በሐሰተኛው ስም የተከፈተው የካናዳ ወረቀት እንዳይቃጠልባቸው የወንድማቸውን ልጅ ለልጃቸው ዳሩ። ቪዛውም እስከ ዛሬ አልመጣም።

አቶ ፀጋአብ ይህን ከሰሙ ወዲህ ከባለቤታቸው ጋር እንደ እኅትና ወንድም በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ፤ ከአባታቸው ጋር ግን በአንድ ማዕድ አልተቀመጡም። ዶክተር ሰርክአዲስ ለማልቀስ እንኳ ፋታ አልወሰዱም። በገዳሪፍ ስሙን የለወጠው አንድ ቤተሰብ ብቻ እንዳልሆነ፣ የሌላውን ልጅ የእኔ ነው ብሎ ያስመዘገበም፣ ወንድሙን የካደም ብዙ እንደ ሆነ፣ ሁሉንም የሚያውቁት ደግሞ አቶ ገብረየስ ብቻ እንደ ሆኑ ስለ ተረዱ፣ ማን ከማን እንደሚወለድ እንዲነግሯቸው ደጅ ጠኑ። ሽማግሌው፣ “የሰው ምስጢር ነው፤ ምያለሁ፤ ኢንሻላህ ምንም አይመጣም” እያሉ መለሷቸው። በእቅፋቸው ያለው አምኃ እያሳለ ነበር ይህን ያሉት።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ፣ በላቦራቶሪ ያሉት የአምኃ ሕዋሳት ጤናማውን ዘረመል ተቀብለው፣ ጨውና ውኃ እንደ ጤነኛ ሰው ሕዋስ ማስተላለፍ ከጀመሩ ገና ጥቂት ጊዜያቸው ነበር። መብራት ጠፋ፤ በማቀዝቀዣው የነበረው ሁሉ ቀለጠ፤ ከዚያም ላቦራቶሪው ተዘረፈ። ቤተሰቡ ከካርቱም ሁለት ሸሽቶ ማዮ በሚባል የከተማው ዳር ሰፈር በአንድ የቆርቆሮ ቤት ተጠለለ፤ በዚያ የአምኃ መድኃኒት አለቀ፤ ኦክስጅንም አልተገኘም። እናቱ እስከ መጨረሻው ጀርባውን እየመቱ አክታውን ሊያወጡለት ታገሉ። በአሥራ አንድ ዓመቱ ታፍኖ ሞተ። ሳይንሱን ሁሉ የሚያውቁት እናት የቀራቸው መዳፋቸው ብቻ ነበር፤ አልበቃም።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ከተማውን ጥሎ ሲወጣ እርሳቸው ካርቱምን አልለቀቁም፤ አቶ ገብረየስ ስላልለቀቁ ነው። የሽማግሌው ሱቅ ሲዘረፍ ዳቦ እየወሰዱ ያበሏቸው፣ በየጉብኝቱም ያንኑ ጥያቄ የሚጠይቋቸው እርሳቸው ነበሩ፤ ሽማግሌው ዳቦውን ተቀበሉ፤ ጥያቄውን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በያዝነው 2018 ዓ.ም. መስከረም ወር ከተማውን ያጥለቀለቀው የዴንጊ ትኩሳት ዶክተር ሰርክአዲስን ጣላቸው። ዕድሜያቸውን በረቂቅ ምርምር ያሳለፉ ሰው፣ የሚንጠለጠል ጉሉኮስ ጠፍቶ በትንኝ በሽታ በተወለዱ በአርባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

ዶክተር ሰርክአዲስ አንተነህ ልጃቸውን ወይዘሪት ዮሳቤጥን፣ ባለቤታቸውና የአጎታቸው ልጅ የሆኑትን አቶ ፀጋአብን፣ ዛሬም አብረውን የሚያለቅሱትን ባልደረባቸውን ዶክተር ኒዕማን፣ እንዲሁም የአባታቸውን ታናሽ ወንድም አቶ ገብረየስ ሸዋዓለምን ትተው አልፈዋል። ልጃቸው አምኃ ቀድሟቸዋል።

መድኃኔ ዓለም ነፍሳቸውን ትንፋሽ በማያጥርበት ስፍራ ከልጃቸው ጋር ያሳርፍልን፤ ለዮሳቤጥም መጽናናትን ይስጥልን። ለአጎታቸው ግን ሟቿ የለመኑት ሌላ ነው። ለመጪው ጥር ሠርግ የቆረጣችሁ፣ ዘራችሁንም በአቶ ገብረየስ ያስቆጠራችሁ ወላጆች በዚህ ግቢ ስላላችሁ፣ ከለቅሶው ሳትነሡ እንደ ገና ጠይቋቸው፤ እግዚአብሔርም የሚያውቁትን ሁሉ ተናግረው እስኪጨርሱ ድረስ አይግደላቸው። አሜን።